ማርሽ ያስገባሁለት ሰው

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ለመከታዬ፤

ከሁሉ አስቀድሞ እንደምን ሰንብተሃል? ያ መኪና ሥር ተጋድመህ የምትውልበት ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ሳልህስ? የእማዬ ጉልበት ተሻለው ወይስ ዛሬም «ደህና ነኝ» እያለች ግድግዳ ይዛ ነው የምትሄደው? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ ጋራዡ፣ በሩ ላይ ተኝቶ ሌባውንም ደምበኛውንም በእኩል ዓይን የሚያየው ውሻችሁ ሳይቀር ሰላም ናችሁ? እኔ እንደ ሰማያችን ነኝ፤ አንድ ቀን ጠራ ስል በማግስቱ ድፍን እላለሁ። ግን አለሁ። ባለቤቴም አለ። ይህችን ከፊት ያስቀደምኳት ደብዳቤውን ሳትጨርስ ከመቀመጫህ እንዳትነሣ ብዬ ነው።

የላክሃት ብጣሽ ወረቀት በውኃ ቦቴው ሹፌር እጅ ደርሳኛለች። «የመታውን ሰው ስም ብቻ ላኪልኝ፤ የቀረውን ለእኔ ተይው» ትላለች። ሰላምታ የለ፣ እንደምነሽ የለ። ጥርስህን ነክሰህ እንደጻፍካት ያስታውቃል፤ ወረቀቷ በእስክሪብቶው ተበስታለች። የላውንደሪያችን ባለቤት ሸሽታ ከተማ እንደገባች ደውላልህ «ባሏን ቀጥቅጠው ሊገድሉት ነበር» እንዳለችህ ኋላ ሰማሁ። ሴትዮዋ ክፋት የላትም፤ ወሬ ግን ከአፏ ሲወጣ ግማሹን መንገድ ላይ ትጥለዋለች። እዚህ የስልኩ ማማ ስለተቃጠለ እኔ ራሴ ልደውልልህ አልቻልኩም። አሁን ሹፌሩ ወደ እናንተ ስለሚመለስ፣ የተማሪ ዴስክ ላይ ጉልበቴ አልገባ እያለኝ ተቀምጬ፣ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ። ሁሉንም፣ ከስሙ በቀር።

አትቆጣ። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል የለ? ስሙን ብጽፍልህ ማጭዱን ስዬ አዋስኩህ ማለት ነው። አውቅሃለሁ። ያን ደላላ «እህቴን ሰደበ» ብለህ መንጋጋውን በመፍቻ ያወለቅህለት ጊዜ ክብሬን አስመለስክልኝ? ያስመለስከው የለም፤ እማዬን ግን ስንቅ አስይዘህ እስር ቤት በር ላይ አመላለስካት። ጉልበቷ የሄደው ያኔ ነው፣ ከዚያ በፊት እንደ ፍየል ነበር የምትሄደው። ስለዚህ በመጀመሪያ አንብብ። ከዚህ በታች ያለውን ደግሞ ለእማዬ አታንብብላት። «ሁሉም ደህና ናቸው፣ ጭሱ ብቻ አስቸገራቸው» ብለህ ወደ መጨረሻው ዝለል።

የጫካውን ቃጠሎ ጭስ እንዴት ልንገርህ። መጀመሪያ ሰሞን ከኮረብታው ወዲያ ማዶ ነበር፤ እንደ ሰው ጣጣ ከሩቅ አይተን ከንፈር መጠጥን። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት መስኮት ስከፍት ማዶው የለም። ኮረብታውም፣ የጡብ ፋብሪካው ጭስ ማውጫም፣ የጎረቤት ጣራም የለም። ፀሐይ ስትወጣ ድስት ቂጥ የመሰለች ቀይ ነገር ናት፣ ዓይንህን ሳትጨፍን ታያታለህ። በእኩለ ቀን የመንገድ መብራት በራ። እኛ ላውንደሪ ውስጥ ነጭ አንሶላ አጥበን ስናወጣ አመድማ ሆኖ ይጠብቀናል፤ መልሰን እናጥባለን፣ በካውያ ስንተኩሰው ጭስ ጭስ ይሸታል፤ ደምበኛ መጥቶ ይሰድበናል። ትራስህ ጭስ፣ ውኃህ ጭስ፣ ምራቅህ ጥቁር።

ጭስ የሚያሳስለው ብቻ እንዳይመስልህ። ሰው ያሳብዳል። ጉሮሮውን የያዘውን ነገር መያዝ ሲያቅተው ሰው አጠገቡ ያለውን ጉሮሮ ይይዛል። ፋርማሲው በር ላይ ሁለት ሴቶች ለአንድ ማስክ ፀጉር ለፀጉር ተናንቀው የአንዷ ጉትቻ ከነጆሮዋ ሥጋ ሲቀደድ ቆሜ አይቻለሁ። ማስኩን ሁለቱም አላገኙትም፤ ተረግጦ ጭቃ ሆነ። አውቶቡስ ላይ አንዱ «መስኮት ዝጋ» ቢለው ሌላው በቡጢ አፍንጫውን ደፈጠጠው። እኔም አልቀረሁም። ስለ አንሶላዋ ስትሰድበኝ በነበረች ደምበኛ ላይ የጋለ ካውያ አንሥቼባት ባልደረቦቼ ናቸው ክንዴን የያዙኝ። እና ወንድም ጋሼ፣ እኔ ከአንተ የተሻልኩ ሆኜ እንዳይመስልህ የምመክርህ። ከአንድ ማሕፀን ነው የወጣነው።

በዚህ መሐል ወሬ ተነሣ። እሳቱን የሚለኩስ ሰው አለ ተባለ። ጀሪካን ይዞ ጫካ ለጫካ ሲዞር ታይቷል፣ ፊቱን ጠቅልሏል፣ ባይተዋር ነው፣ አይ የሰፈር ሰው ነው፣ ተከፍሎት ነው... ኋላ እንደተነገረን እሳቱን ያስነሣው ከገደሉ ማዶ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው። ግን ሽቦ አይደበደብም፤ ሽቦን ብትመታው አይጮህልህም። የሰፈራችን ወንዶች ተሰብስበው ጠባቂ ነን አሉ። ሥጋ ሻጩ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሌሎችም። አካፋ እጀታ፣ ብረት፣ ያገኙትን ይዘው ዱር ዱሩን ይዞሩ ጀመር። ደግ ሰዎች ናቸው። ይህን የምልህ ቀልዴን አይደለም፤ ሁሉም ልጆቻቸው ሲያስሉ ሌሊቱን ሲሰሙ ያደሩ አባቶች ናቸው።

አሁን ወደ ዝምተኛው አማችህ ልምጣ። ንቦቹ ከነፍሱ እንደሚበልጡበት ታውቃለህ። እሳቱ እየቀረበ ሲመጣ ቀፎዎቹን ከኮረብታው አንሥተን፣ አንድ አንድ እያልን በእጅ ጋሪ እያወረድን፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ደበቅናቸው። ለማንም አልነገርንም፤ በዚያ ሰሞን የሚሰረቀው ነገር ብዛቱ! እንዳይግሉ ብሎ በእርጥብ ጆንያ ሸፍኗቸዋል። በየዕለቱ ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ እየሄደ ጆንያውን ያረጥባል። በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በሌላው እጁ ያቺን ዘላለም የማይለያት ማጨሻውን፣ ጢስ የምትተፋውን ቆርቆሮ ይዞ።

እኔማ ብዬው ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ ሰማይ ምድሩ ሲያጨስልህ ይህን ቆርቆሮ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። የፈለገው ንብ የሚያበርድ ጭስ ከሆነ፣ ጭሱ ሞልቷል ለማለት ነው። እሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «የእኔን ጭስ ያውቁታል። ይኸኛው ያስፈራቸዋል፤ የእኔው ሲመጣ ቤታቸው ሰላም መሆኑን ያውቃሉ።» ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ከተጋባን ወዲህ ሁለተኛው ይሆናል። በሕይወቱ ያለ ማጨሻ ቀፎ ከፍቶ አያውቅም፤ የዓለም መጨረሻ ቢሆንም እሷን ለኩሶ ነው የሚሄደው። ፊቱን እንዳይለበልበው ደግሞ ራሱን በፎጣ ጠቅልሎ፣ ማስክ አጥልቆ፣ አንተ የላክህለትን የብየዳ መነጽር አድርጓል። እንግዲህ አስበው። ፊቱ የማይታይ፣ ጀሪካን የያዘ፣ ከእጁ ጭስ የሚወጣ ሰው፣ ሰው በማያውቀው ቦታ፣ በጆንያ የተሸፈነ ነገር ላይ ጎንበስ ብሎ። እናቱ ብታየው ትጮህ ነበር። መነጽሩ የአንተ ነውና አንተም ድርሻ አለህ።

ነፋሱ በተለወጠበት ቀን ከሥራ መልስ ጋሪውን ይዤ ልረዳው ሄድኩ። ቀን ነበር፤ ግን ከጨለማ አይለይም። ገና ከጡብ ክምሩ ወዲህ ሳለሁ ደብ፣ ደብ፣ ደብ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ። ላውንደሪ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ ገመድ ላይ ሰቅለን በዱላ ስናራግፈው እንዲህ ነው የሚለው። እዚህ ደግሞ ማን ነው ምንጣፍ የሚያራግፈው ብዬ ዞር ብል ባሌ ነው።

መሬት ላይ ነው። ጉልበቱን አገጩ ላይ አጥፎ ራሱን በክንዱ ሸፍኗል። ከበውታል፤ ሁሉም ማስክ ያጠለቁ፣ ዓይን ብቻ። አንዱ በጫማ ጎኑን፣ አንዱ በብረት ጀርባውን፣ አንዱ ደግሞ በአካፋ እጀታ ራሱን፣ ራሱን ወንድም ጋሼ፣ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ከላይ እያወረደ። «ማን ላከህ! ማን ነህ! ተናገር!» ይላሉ። እሱ ይናገር? በደህናው ቀን ቃል የሚቆጥበው ሰው፣ በዚያ ላይ ጭሱ ድምፁን ከበላው ሰንብቷል። ከአፉ የሚወጣው ደምና ፉጨት ነው። ዝም ባለ ቁጥር ይበልጥ ይመቱታል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው፤ እሳቱን መምታት ቢያቅታቸው ንብ አናቢ መቱ።

ጮኽኩ። በማስክ ውስጥ የተጮኸ ጩኸት ለማንም አይደርስም። ያኔ ከመሐላቸው አንዱ ወፍራሙ፣ ነዳጁ የት እንዳለ ላግኝ ብሎ ይመስለኛል፣ ጆንያውን ገፎ ቀፎውን በእግሩ ገለበጠው። ሁለተኛውንም ደገመ። እንግዲህ የሆነውን ማየት ነበረብህ። ጢሱ መሐል ሌላ ጢስ ተነሣ፤ ይኸኛው ግን የሚጮህና የሚናደፍ ነው። በማስኩ ጠርዝ እየገቡ ከንፈር፣ ከመነጽር ሥር እየገቡ ቅንድብ። ወንዶቹ እንደ ሕፃን እያለቀሱ ማስካቸውን ከፊታቸው ላይ ቦጫጭቀው ጣሉ። ያን ጊዜ ነው ያየኋቸው። የማላውቃቸው አውሬዎች አልነበሩም። ወፍራሙ ሥጋ ሻጫችን ነው። ያኛው የሰፈሩን ልጆች መንገድ የሚያሻግረው ዘበኛ። የማውቀው ፊት በየተራ ከጭሱ ወጣ፤ ከዚህ የሚብስ ነገር አይቼ አላውቅም።

አንዱ ብቻ ማስኩን አላወለቀም። ንቡ አንገቱ ላይ ተከምሮ እንኳ ያ አካፋ እጀታ እንደገና ወደ ላይ ወጣ። ባሌ መሣሪያዎቹን የሚያስቀምጥባት ሣጥን እግሬ ሥር ተበትናለች። ቀፎ መክፈቻውን ብረት አነሣሁ፤ ያ ጫፉ የተቆለመመው ታውቀዋለህ፣ አንተው ራስህ ነህ ጋራዥህ ውስጥ ቀጥቅጠህ የሠራህለት። ኃይሌን ሁሉ ሰብስቤ እጁ ላይ አሳረፍኩት። አጥንት ሲሰበር ድምፁ ደረቅ ጭራሮ ነው። እጀታው ወደቀ። ደገምኩት፤ አዎ፣ እጀታው ወድቆም እያለ ደገምኩት። በሦስተኛው ራሱን ልለው ሳነሣ ማስኩ ተንሸራቶ ፊቱን አየሁ። ፀጉር አስተካካዩ ነው። ባሌን በየሁለት ሳምንቱ የሚላጨው፣ ሠርጌ ዕለት ሙሽራውን ያሳመረው ሰው።

እሱ ግን እኔን አላየኝም። የሚያየው መሬቱን ነው። የባሌ ፎጣ ተፈቶ ራሱ ተገልጧል፤ ፊቱ በደም ተሸፍኖ ማንም አይለየውም። ሰውየው ፊቱን አላወቀም፤ ራሱን አወቀው። ማጅራቱ ላይ ያለችውን አዙሪት፣ ከጆሮው በላይ ያለችውን የልጅነት ጠባሳ። «ይህን ራስ አውቀዋለሁ» አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው። «የእኔ ደምበኛ ነው። ይህን ራስ እኔ ነኝ የምላጨው።» ከዚያ እጁን አቅፎ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ንቦቹ ሲነድፉት እንኳ አላራገፋቸውም። እኔም ልግደለው ብዬ ያነሣሁት ብረት እጄ ላይ ደርቆ ቀረ።

ሌሎቹ በየአቅጣጫው ሸሹ። እሱም ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ሮጠ። ፈሪ ብዬ ከኋላው ተፋሁበት። ባሌን እንደምንም ጎትቼ ጋሪው ላይ ጫንኩት፤ አንድ ዓይኑ ከጉድጓዱ የወጣ እስኪመስል አብጧል። ያን ጊዜ ነው ድምፁ የመጣው። እሳት ከሩቅ ሲመጣ እንደ ባቡር ነው የሚጮኸው፤ መሬቱ ይንቀጠቀጣል። ቀና ስል የኮረብታው ጫፍ ላይ ተደርድሮ ቆሟል። ፍሙ በነፋስ እየተወረወረ ፀጉሬ ላይ፣ ባሌ ልብስ ላይ ያርፋል። ጋሪውን ገፋሁ። ጎማው አሸዋ ውስጥ ገባ። ገፋሁ፣ ሰደብኩት፣ አለቀስኩ፣ አልነቃነቅ አለ። በቃ እዚሁ ነው የምንሞተው ብዬ በላዩ ተደፋሁበት።

ያን ጊዜ ጥሩንባ ሰማሁ። ሰፈሩ «ሳል» ብሎ የሰየማት መኪና አለች፤ የፀጉር አስተካካዩ ናት፣ ሞተሯ ሲነሣ የሳንባ በሽተኛ ስለምትመስል ነው። እሷን እየነዳ በአንድ እጁ መጣ። በሩን ከፍቶ «አምጪው» አለኝ። «ከአንተ ጋር ከምሄድ እቃጠላለሁ» አልኩት። የምሬን ነው። ሬሳዬን ካልሆነ አልሄድም ብዬ ብረቴን ጨብጬ ቆምኩ። ባሌ ነው ከጋሪው ላይ ጣቱን አንሥቶ «ግቢ» ያለኝ። አንዲት ቃል ናት፤ ቃል ስለማያበዛ ሲናገር እታዘዘዋለሁ። ለሁለት ተሸክመን ከኋላ አጋደምነው። እኔ ከፊት ገባሁ፣ ብረቱንም ጫፉን ወደ ሰውየው ጎድን አዙሬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። እንዲያየው ነው ያስቀመጥኩት።

እንግዲህ አንተ መካኒክ ነህ፣ ይህን ከእኔ በላይ ትረዳዋለህ። ማርሹ በቀኝ ነው። እኔ የሰበርኩበት እጅ ደግሞ ቀኙ ነው። ፍሪሲዮኑን በእግሩ ይረግጣል፣ መሪውን በግራ ይይዛል፣ ማርሹን የሚነካው ግን የለም። ሳል በአንደኛ ማርሽ እየጮኸች፣ እሳቱ በጎን እየሮጠ፣ ሰውየው ሰባራ እጁን ማርሹ ላይ አሳርፎ ሊገፋው ሲሞክር በሥቃይ ጮኸ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ አስገቢልኝ» አለ። አንተ መንዳት ላስተምርሽ ብለህ ገና ከግቢው ሳንወጣ «አንቺ የመኪና ጠላት ነሽ፣ ውረጂ» ያልከኝን አስታወስኩ። ብረቱን የያዝኩበትን እጅ አየሁት። ሌላ እጅ ነጻ የለኝም፣ በግራዬ ባሌን ከመቀመጫው እንዳይወድቅ ወደ ኋላ ዞሬ ደግፌዋለሁ። ብረቱን እግሬ ሥር ጣልኩት።

«ሁለተኛ!» ይላል፣ እገፋዋለሁ። ክርርርር ይላል፤ ብትሰማው ኖሮ እንባህ ይመጣ ነበር። «ወደ ታች! እህቴ ወደ ታች!» ይለኛል። «እህቴ አትበለኝ!» እለዋለሁ። «ሦስተኛ!» ይላል፣ አስገባለሁ። የቡና ቤቱ ጋዝ ሲሊንደሮች በተራ በተራ ይፈነዱ ጀመር፤ የኋላ መስታወታችን ረግፎ ፍም ባሌ ደረት ላይ ወደቀ። በባዶ መዳፌ እየመታሁ አጠፋሁት፤ የተሰበረ ጎድኑን ነው የምመታው፣ እሱ ይጮኻል፣ እኔ እመታለሁ። አንድ ፈረስ ጋማው እየነደደ መንገዱን አቋርጦ ሲሮጥ ከፊታችን አለፈ። ድምፁን እስከዛሬ በሕልሜ እሰማዋለሁ።

ቁልቁለቱ ላይ ስንደርስ መሐል መንገድ ላይ ሰው ቆሟል፤ እጁን ዘርግቶ እንደ ዕውር ይዳብሳል። ንብ ነድፎት ፊቱ ሊጥ ሆኖ ዓይኑ ተደፍኗል። በውፍረቱ አወቅሁት። ሥጋ ሻጩ ነው፤ ባሌን በጫማ ሲረግጥ የነበረው፣ ቀፎውን የገለበጠው። ወንድም ጋሼ፣ ለአንተ አልዋሽም። «ሂድበት!» ብዬ ጮኽኩ። «ጨፍልቀው! እንዳትቆም!» ማርሹንም ይዤ አለቅም አልኩ። ሰውየው ፍሬኑን ረገጠው፣ በላዬ ተሻግሮ በሰባራ እጁ በእኔ በኩል ያለውን በር ከፈተለት፣ ያን ጊዜ ያወጣው ጩኸት የሰው አልመሰለኝም። ሥጋ ሻጩ ተንፏቆ ገባ፣ እግር ሥራችን ወደቀ። ተመልከት እንግዲህ። አንተ ስሙን ላኪልኝ የምትለው ሰው፣ እኔ ግደለው ያልኩትን ሰው አዳነ። ከሁለታችን የትኛው ነው መፍቻ የሚገባው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ሳስብ ውዬ አድራለሁ።

«አንደኛ» አለኝ። አስገባሁለት። ሄድን።

ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስንደርስ መሬቱ ሁሉ ሰው ነው። ነርሷ አንድ ለእናቷ ናት፣ ካንዱ ወዳንዱ ትሮጣለች። የባሌን ራስ አይታ «ፀጉሩ ካልተላጨ ቁስሉን አላየውም፣ ልሰፋውም አልችልም፣ የሚላጭ ፈልጉ» ብላ ወደ ሌላው አለፈች። የሚላጭ ፈልጉ! ፀጉር አስተካካዩ ከቤቱ ያወጣው ነገር ቢኖር የምላጭ ቦርሳውን ብቻ ነው። አወጣው። እጁ ግን እንደ ጓንት ተነፍቷል፣ ጣቶቹ አይታዘዙትም። ምላጩን ለእኔ ዘረጋልኝ። አጠገቤ ተንበርክኮ በግራ እጁ የባሌን ራስ ደገፈና ያሳየኝ ገባ። ምላጩን አስተኚው፣ ወደ ፀጉሩ አወራረድ ውሰጂው፣ እዚህ አዙሪት አለ ቀስ በይ፣ እዚህ ጠባሳ አለ አንሺው። እሱ ያን ራስ መንገዱን እንደ ሰፈሩ ያውቀዋል። የመታበት ቦታ ላይ ስንደርስ፣ «እዚህ... እዚህ አጥንቱ ገብቷል፣ አትንኪው» አለ፤ እንባው ባሌ ግንባር ላይ ጠብ ጠብ አለ። ባሌ ያንን ደህና ዓይኑን ገልጦ «አታርጥበኝ፣ ላጭ» አለው። በዚያ ሁሉ መሐል ሳቅ አመለጠኝ። ከዚያ በኋላ ግን እንዳለቀስኩት ለቅሶ አባታችን ሲሞት እንኳ አላለቀስኩም።

አሁን ያለንበት ይህ ነው። ባሌ ተሰፍቷል፣ ይበላል፣ ይቀመጣል። የግራ ዓይኑ አልተረፈም። ጎድኑ ሲስል ያስለቅሰዋል፣ ጭሱ ደግሞ ዛሬም አልለቀቀንም። ከንቦቹ የተረፈ የለም። ስለ ዓይኑ አንድ ቀን አላነሣም፣ ስለ ንቦቹ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሲያለቅስ ሰምቼዋለሁ። ያ ሰው በየጠዋቱ ውኃ ቀድቶ አጠገቡ ያስቀምጣል። ይቅር በሉኝ አላለም፤ እኔም ይቅር አላልኩትም። ዛሬም ቢሆን ሳላስበው ማጅራቱን ሳይ እጄ ብረት ይፈልጋል። ባሌን ስጠይቀው «አልመታኝም፣ የመታው ሌላ ሰው ነበር፣ እሱንም አላውቀው» ይለኛል። ዝምተኛ ሰው ሲናገር እንዲህ ነው።

ወጌሻው የሰውየውን እጅ አይቶ ሁለት ጣቶቹ ታጥፈው ይቀራሉ ብሏል። ምላጭ ከእንግዲህ አይይዝም። እጁ የስድስት ሰው እንጀራ ነበር፤ እኔ ነኝ የሰበርኩት፣ አንደኛውን ምት ባሌን ለማዳን፣ ሁለተኛውን ግን ለመግደል። ስለዚህ በአዳራሹ በር አንድ ወንበር አስቀመጥን። ሰው ይመጣል፣ እኔ እላጫለሁ፣ እሱ ከኋላ ቆሞ ያዝዘኛል። ለሁለት አንድ ፀጉር አስተካካይ ወጥቶናል። እሱ በእኔ እጅ ነው የሚሠራው፣ እኔ በእሱ ዓይን። መጀመሪያ ሰሞን ስንት ጆሮ እንደቧጨርኩ አትጠይቀኝ። ዘበኛው ሳይቀር ራሱን ሰጥቶኝ ተቀምጧል፤ ምላጩ ጉሮሮው ላይ ሲደርስ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር።

አትምጣ አልልህም፣ ብልህም አትሰማኝ። ና። ግን ከመጣህ ከሁሉ በፊት እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። ፀጉርህ መቼም መቆረጥ ሳይፈልግ ቀርቶ አያውቅም። ምላጩን አንገትህ ላይ አሳርፌ እይዝሃለሁ፣ እሱ ከኋላህ ቆሞ «አስተኚው፣ ቀስ በይ» ይለኛል። ያን ጊዜ ስምህ ማን ነው ብለህ ጠይቀው። ራሱ ይነግርሃል።

በል እንግዲህ፣ ሹፌሩ ሞተሩን አስነሥቷል። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፣ ስለ ዓይኑ ግን እኔው መጥቼ እስክነግራት ድረስ አደራ። ባለቤትህን በጣም ናፍቄያታለሁ በልልኝ፤ የላከችው ሻርፕ ባሌን ከጋሪው ወደ መኪና ስናወጣው ራሱን አስሬበታለሁ፣ ስለ እሱ ተባርካለች። ትልቋ ልጅህ በርትታ ታጥና፤ ጥርሰ ፍንጭቱን ጉንጩን ሳምልኝ፤ ታናሽየዋን ሚጢጢዬን አንሥተህ ወደ ላይ ወርውርልኝ፣ ግን ያዛት። ጋራዥ ውስጥ ያሉትን ሠራተኞችህን፣ ሰነፉን ውሻ ሳይቀር ሰላም በልልኝ። ባለቤቴ «ሰላም በይው» ብሏል፤ ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ለመፍቻህ ብቻ ሰላምታ የለኝም። እሱን እቤት ተወው።

እህትህ

ከትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር
ሚያዝያ 11 ቀን